ከጎተራው ሥር የተለቀመ ዜማ

አጎቴ ጉንሌይክ በኖርዌይ፣ በቴሌማርክ አውራጃ፣ ቫዮሊኑን ይዞ ሠርግ ያልሄደበት ሸለቆ የለም። በስሙ የሚጠራ የጭፈራ ዜማም ነበረው። ስልሳ ሦስት ዓመት ሲሞላው፣ የሬዲዮ ሰዎች ሐሙስ ከኦስሎ መጥተው ያንን ዜማ ሊቀዱ እንደሚፈልጉ ጻፉለት። ቤተሰቡ ሁሉ ደስ አለው፤ እሱ ግን ደብዳቤውን ካነበበ ጀምሮ ቫዮሊኑን አልነካም።

እኔ ያኔ የወተት ማኅበሩን መኪና እነዳ ነበር። ማክሰኞ ጧት ቫዮሊኑን ታቅፎ ከጎኔ ገባና ስቫንሂልድ ቤት እንዳደርሰው ለመነኝ። ስቫንሂልድ የኔሪ ልጅ ናት። ኔሪ በዘመኑ በአገሩ ተወዳዳሪ ያልነበረው ቫዮሊን ተጫዋች ነበር፤ ከሞተ አርባ ዓመት አልፎታል።

መንገድ ላይ ጉዱን አወጣልኝ። ዜማው የእሱ አይደለም። በሃያ ሁለት ዓመቱ አንድ በጋ ኔሪ ዘንድ ተቀጥሮ ሣር አጭዷል። ኔሪ ያንን ዜማ ለማንም አያስተምርም፤ ሰው ከመጣ የቫዮሊኑን ደጋን ያስቀምጣል። አጎቴ ታዲያ በጋውን ሙሉ ከእራት በኋላ በእንጨት እግሮች ላይ ከቆመው ጎተራ ሥር በሆዱ እየተኛ፣ ከኔሪ ቤት መስኮት የሚወጣውን ትንሽ ትንሽ ለቀመው። ኔሪ ከዚያ በጋ በኋላ፣ የክረምቱ በረዶ ሳይቀልጥ ሞተ። በቀጣዩ ዓመት አጎቴ ዜማውን ውድድር ላይ ተጫውቶ አንደኛ ወጣ። ዳኛው የማን እንደሆነ ሲጠይቀው «የኔ» የምትለው ቃል ከአፉ አመለጠችው።

«አሁን ደግሞ ሬዲዮ ላይ ልድገመው?» አለኝ።

ማርሽ ቀይሬ ዳገቱን ወጣሁ።

ስንደርስ ስቫንሂልድ ለቡናማ አይብ የፍየል አጓት ጥዳ ታማስል ነበር። እንዲህ ያለ አጓት ከተጣደ ለሰዓታት መማሰል አለበት፤ ለአፍታ ከተተወ ያርራል። አጎቴ ባርኔጣውን እያሻሸ በሩ ላይ ተገተረ። ቀና ብላ አየችውና ማማሰያውን ዘረጋችለት።

«እዚያ ቆመህ ከምታፈጥብኝ ና አማስል። ክንዴ ዝሏል።»

እያማሰለ ሁሉንም ነገራት፤ ጎተራውን፣ ውድድሩን፣ ለዳኛው ያለውን። ወሬው ሲከብደው እጁ ይዘገያል፤ እሷም ድስቱን እንዲያይ ታስታውሰዋለች።

«አባቴ እኮ ያውቅ ነበር» አለችው።

«ምኑን?»

«ረጅም አይደለህ? ቦት ጫማህ ከጎተራው ሥር ወጥቶ ይታያል። ልጠራህ ስል ከለከለኝ። ‹እሱ ለመጠየቅ ይኮራል፣ እኔ ለመስጠት እኮራለሁ፤ እዚያው ይተኛ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ መስኮቱን ከፍቶ፣ ቀስ አድርጎ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ይጫወተው ጀመር። ለኔ መሰለህ?»

አጎቴ ማማሰሉን ተወው። ማማሰያውን ፈጥኜ ተቀበልኩት።

«እና አልተቀየምሽኝም?»

«በመውሰድህ አልተቀየምኩም። ‹የኔ› በማለትህ ግን ሁለት ዓመት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሰላም አላልኩህም።»

«ዓይንሽን ያመመሽ መስሎኝ» አለ፤ የምሩን ነበር።

ስቫንሂልድ እስክታነባ ሳቀች። እሱም አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ሳቅ ይሁን ለቅሶ ባልለየሁት ነገር ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ቆይቶ ተረጋጋና ዜማውን ተጫወተላት። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግንባሯን ቋጠረች፤ ያ የአባቷ አይደለም። አጎቴ እንዳስረዳት፣ ማብቂያው ሁልጊዜ በፍየሎቹ ቃጭል ስለሚዋጥበት ከራሱ ፈጥሮ ሞልቶታል። እሷ የአባቷን አንጎራጎረችለት፤ አጭርና ድንገት የሚቋረጥ ነበር። በቫዮሊኑ ደገመው።

«ያንተው ይሻላል» አለች። «አባቴ ምንም ነገር ሲጨርስ ይቸኩል ነበር።»

ሐሙስ የሬዲዮ ሰዎቹ መቅጃቸውን አጎቴ ቤት ሳሎን ውስጥ ተከሉ። አጎቴ ስቫንሂልድን ከፊት አስቀምጦ ማይክሮፎኑ ላይ ጎንበስ አለ፦ «ይህ ዜማ የኔሪ ነው። የመጨረሻዋ ቁራጭ ብቻ የኔ ናት።» ከዚያ ተጫወተ፤ በዚያ አገር ቫዮሊን ላይ ከዋናዎቹ ሥር የሚዘረጉት፣ ደጋን የማይነካቸው ክሮች ሁሉ አብረው አስተጋቡ። አንደኛው ሰውዬ እግሩን ወለሉ ላይ ሳይመታ እንዲደግምለት ቢጠይቀው፣ እግሩን ከፈለጉ ቆርጠው ይሂዱ እንጂ ያለ እግር ምት አይሆንም አለ።

ሰዎቹ እንደሄዱ ወጥቶ ከቤቱ ጀርባ ሣሩ ላይ ጋደም አለ። ላሞቹ እስኪታለቡ ድረስ በፀሐዩ አንኮራፋ።