የኦብሳ የረሃብ አድማ

ኦብሳ የረሃብ አድማ መምታቱን ከሁሉም በኋላ የሰማው ኦብሳ ራሱ ነው። ከእሱ ትንሽ ቀደም ብላ የሰማችው እናቱ አስካለማርያም ናት፤ ወሬውን የወለደችውም እሷው ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦብሳ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነው። ሁዳዴ በገባ ሰሞን ሁለት ፖሊሶች ከፋብሪካው በር ጠብቀው «ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው ወሰዱት። ስልኩ ሲፈተሽ አንድ የኢሬቻ ፎቶና ጥቂት የኦሮምኛ ዘፈኖች ተገኙበት። ዘፈኖቹ የሰርግ ነበሩ። ጥያቄዋ አንድ ብትሆንም ሳምንታት ፈጀች፤ እናቱ ጣቢያው በር ላይ ቆማ በጠየቀች ቁጥር መልሱ «እያጣራን ነው እማማ» ነው።

«ጠላ እንኳ አንዴ ከተጣራ ይጠጣል» አለቻቸው አንድ ቀን፣ ከአፏ አምልጧት። ወዲያው ደግሞ ንዴታቸውን በልጄ ላይ ይወጡበታል ብላ ደንግጣ፣ ዘበኛውን ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀችው። ዘበኛው ቀልዱ ስላልገባው ይቅርታውም አልገባውም።

ጣቢያው ስንቅ የሚቀበለው ጧት ነው፤ የምሳ ዕቃውን ደግሞ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ይመልሳል። በሦስተኛው ሳምንት ግን የአስካለ ምሳ ዕቃ እንደ ሄደ ተመለሰ፤ ሽሮው ረግቶ፣ እንጀራው እንደታጠፈ። ታሟል? ደብድበውት ጥርሱ ወልቆ ነው? ወይስ ከነአካቴው እዚያ የለም? የምትደውልለት ሰው ብታጣ አሜሪካ ደወለች።

ገመዳ የወንድሟ ልጅ ነው። በሰባት ዓመቱ ከአባቱ ጋር ሄዶ ያደገው ሚኒሶታ ነው፤ ቤተሰቡም እዚያ ፕሮቴስታንት ሆኗል። በሥራ ቀን አውቶቡስ ይነዳል፤ የቀረውን ጊዜውን ደግሞ አገር ቤት ስለታሰሩ ሰዎች ሲጽፍ፣ ሲደውል፣ ሰልፍ ሲጠራ ያሳልፋል። አስካለን እንደ ኦሮሞ ወግ «አዳዳ» ይላታል፣ የአባቴ እኅት ማለቱ ነው። የሷን ስልክ ሳያነሳ ቀርቶ አያውቅም።

«ምግቡን ሳይነካ መለሰው» አለችው እያለቀሰች። «አንድ ጉርሻ አልቀመሰም፤ ትናንትም፣ ዛሬም!»

የገመዳ ድምፅ ወፈረ። «ገባኝ አዳዳ። ጠንካራ ልጅ ነው» አለ።

ምን እንደገባው አልጠየቀችውም።

በማግስቱ ዘበኛው ነገሩን ገለጠላት። «እማማ፣ ልጅሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚጾመው። ሳህኑ በስድስት ይወጣል። ዳቦና ቆሎ በጨርቅ ቋጥረሽ አምጪለት፤ ጨርቅ አንመልስም።»

አስካለ እዚያው በሩ ላይ እልል ልትል ቃጣት። ይህ ልጅ ቤቱ ሳለ ሁዳዴን «ሥራው ከባድ ነው» እያለ ሦስት ሰዓት ላይ ፓስታ የሚበላ ነበር። አሁን ተስሎ እስከ ዘጠኝ ይጾማል! ማን እንዳሳሰረው ባታውቅም ማን እንዳስጾመው አወቀች። ደስታዋን ለንስሐ አባቷ ለመምሬ ገብረ ጻድቅ ነገረች፤ ለጎረቤት ነገረች፤ ማታ ፊደል በምትማርበት የጎልማሶች ትምህርት ቤትም ነገረች። ለገመዳ ግን መደወል ረሳች። ለክፉ ወሬ የሚነሣ ስልክ ለደግ ወሬ ማን ያስታውሰዋል!

ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛዋ ተከራይዋ ሣራ ከሥራ መጥታ ስልኳን ዘረጋችላት።

«እትዬ አስካለ፣ ይህ ኦብሳ አይደለም እንዴ?»

ነው። በረዶ ላይ የቆሙ ብዙ ሰዎች የልጇን ፎቶ ይዘዋል፤ ያን የምረቃ ቆብ ያደረገበትን፣ ጆሮው ወጣ ወጣ ያለበትን። ከሥሩ ትልልቅ ጽሑፍ አለ። አስካለ አቀርቅራ ልታነበው ሞከረች። ኦሮምኛ የአፍ መፍቻዋ ነው፤ ጽሑፉ ግን በላቲን ፊደል ነው፣ እሷ ገና ከአማርኛው ፊደል ጋር ነው የምትታገለው። በእናቷ ቋንቋ የተጻፈውን የልጇን ነገር አማራዋ ሣራ ከጎኑ ያለውን እንግሊዝኛ አይታ ተረጎመችላት።

«‹ኦብሳ በረሃብ አድማ ላይ ነው፤ ሕይወቱን አድኑ› ይላል።»

«የምን አድማ?»

«አልበላም ብሏል ነው የሚሉት።»

«ትናንት እኮ ዳቦ ጨመር አድርጊ ብሎ ልኮብኛል!»

አስካለ ስልኳን አነሣች።

«ገመዳ፣ ልጄ፣ ስሕተቱ የኔ ነው። ኦብሳ እየጾመ ነው እንጂ አድማ አልመታም። በዘጠኝ ሰዓት ይበላል።»

በዚያኛው ጫፍ ብዙ ድምፅ ነበር። ገመዳ ወደ ጸጥታ ወጣ መሰለ።

«አዳዳ፣ ስሚኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ‹ያለ ክስ ታስሯል› ብዬ ጽፌ ስንት ሰው እንዳነበበው ታውቂያለሽ? አክስቶቼና አንድ የጫማ ነጋዴ። አልበላም አለ ስንል ግን ቤተ ክርስቲያኑም መጣ፣ መስጊዱም መጣ፣ የምክር ቤት ሰው ቢሮ ደወለልን። የሚበላ እስረኛ ማንም አይፈልግም።»

«ውሸት ነው እኮ፣ ልጄ።»

«መታሰሩ ውሸት ነው?»

«እሱማ እውነት ነው።»

«ታዲያ! እስኪፈታ ዝም ብትይ ምን አለበት? ደግሞ ከሰብአዊ መብት ድርጅት አንዲት ሴት ትደውልልሻለች፣ ለማረጋገጥ። አንቺ ብቻ... እንደ እናት አልቅሺ።»

እንደ እናት ማልቀስ አላቃታትም፤ በየሌሊቱ እሱን ስታደርግ ነበር። ያቃታት ሌላ ነው። እውነቱን ብትናገር ኦብሳን የሚያስታውሰው አይኖርም። ብትዋሽ ደግሞ፣ በሁዳዴ ሐሰት መናገሩ ቀርቶ፣ ጣቢያው «ስማችንን አጠፋችሁ» ብሎ ልጇን ይዞ ይቀራል። መምሬ ገብረ ጻድቅና ሁለት ሽማግሌዎች አዛዡን ለምነው «ከደብረ ዘይት በዓል በኋላ በዋስ እናየዋለን» የሚል ቃል ካገኙ ገና ሦስት ቀናቸው ነበር።

በማግስቱ ጧት አዛዡ አስጠራት።

ኮማንደር ኃይለኢየሱስ ቁመተ ረጅም፣ ፊቱ የደረቀ ሰው ነው። ቢሮው ውስጥ ካሜራ የተሸከመ ወጣት፣ መምሬ ገብረ ጻድቅ፣ በመካከልም ከነጃኬቱ ኦብሳ ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ ከሆቴል የመጣ የጾም በያይነት ይጨሳል። አስካለ ልጇን ከታሰረ ጀምሮ በቅርብ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። ከስቷል፤ ጥርሱ ግን ሙሉ ነው። ቆጥራው ነው።

«እማማ» አለ ኮማንደሩ፣ «ከበላይ ተደውሎልኛል። እስረኛ በረሃብ ገደልክ እየተባልኩ ነው፤ በውጭ አገር ሰው! ልጅሽ አሁን ይበላል፣ ይህ ልጅ ይቀርጻል፣ ነገሩም ያበቃል። ብላ!»

ኦብሳ ምግቡን አየ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። «አራት ሰዓት ነው እኮ። ዘጠኝ ሲሆን እበላለሁ።»

«አድማ ነው ማለት ነው?»

«የምን አድማ?» አለ ኦብሳ። እሱ የሰማው ያኔ ነው።

«አድማ ካልሆነ ብላ!»

«ጾም ነዋ!»

«እኔስ ጿሚ አይደለሁም?» ብሎ ኮማንደሩ ጮኸ። እውነቱን ነው፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኑም ከሽሮው ላይ አልነሣ ብሎታል። ወደ መምሬ ዞረ። «አባቴ፣ እርስዎ ይፍቱት። የንስሐ ልጅዎ ነው።»

መምሬ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ለታመመ ይፈቀዳል። ለመንገደኛም እንደ አቅሙ ይታያል። ለቪዲዮ የሚል ግን እኔ አላየሁም።»

«እስከ ዘጠኝ እንጠብቃ» አለች አስካለ በቀስታ።

«እኔ አልችልም» አለ ባለ ካሜራው። «ስድስት ሰዓት ላይ አንኮበር ስብሰባ አለ፤ መኪናው ጥሎኝ ይሄዳል። ደግሞ ኮማንደር... እስካሁን ያለውን ቀርጬዋለሁ።»

«ምኑን?»

«አልበላም ሲል።»

ኮማንደሩ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ያን ጊዜ የአስካለ ስልክ ጮኸ። ቁጥሩ የረዘመ፣ የውጭ ነው። ኮማንደሩ አይቶት ብድግ አለ።

«እነሱ ናቸው?»

«ለማረጋገጥ ትደውላለች ብሎኝ ነበር፣ ሴትዮዋ።»

«አንሺው። ድምፁን ከፍ አድርጊው። ልጄ ይበላል በይ፣ እውነቱን ተናገሪ!»

አንሥታ ከፍ አደረገችው። ንጹሕ አማርኛ የምትናገር ሴት ናት፤ ሰላምታ ሰጥታ ማን እንደሆነች ተናገረችና ጠየቀች። «ልጅዎ የረሃብ አድማ ላይ ነው የሚባለው እውነት ነው?»

አስካለ ልጇን አየች፤ ገመዳንም አሰበች፣ በረዶው ላይ ቆሞ። ከዚያ መምሬን አየች፤ እሳቸው ወለሉን ያያሉ።

«አይደለም እመቤቴ» አለች። «እየጾመ ነው። ሳህኑ ሙሉ ሲመለስ ጊዜ ደንግጬ ለወንድሜ ልጅ ያወራሁት እኔ ነኝ። እሱ አልዋሸም፣ እኔ ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይበላል።»

ኮማንደሩ ፊቱ በራ። በጉልህ ራሱን ነቀነቀ፤ «ጎሽ የኔ እናት» ሊል ምንም አልቀረው።

«ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ» አለች ሴትዮዋ። ስልኩን ልትዘጋ ነው ብለው ሁሉም ጠበቁ። «በምን ተከስሶ ነው የታሰረው?»

አስካለን እስከዚያች ሰዓት ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ ጎረቤቱ የጠየቃት መቼ እንደሚፈታ፣ ገመዳ ምን እንደበላ ነው። መልሱን አታውቀውም። ያላወቁትን የሚያውቅ ሰው መጠየቅ እንደማያሳፍር የማታ አስተማሪዋ ሁልጊዜ ይነግሯታል። ወደ ኮማንደሩ ዞረች።

«በምን ነው የተከሰሰው? ትጠይቃለች።»

«በማጣራት ላይ ነን» አለ ኮማንደሩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«በማጣራት ላይ ናቸው» አለች አስካለ ለስልኩ።

«ፍርድ ቤት የቀረበው መቼ ነው? በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ መቅረብ ነበረበት።»

«ፍርድ ቤት መቼ ቀረበ?» ብላ አስካለ አስተላለፈች፣ እንደ መልእክተኛ፣ አንዲት ቃል ሳትጨምር።

ኮማንደሩ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ማገላበጥ ጀመረ። ባለ ካሜራው ካሜራውን ከትከሻው አውርዶ ወደ ቦርሳው ከተተ።

«ጌታዬ፣ ምን ልበላት?» አለች አስካለ ተጨንቃ፣ እሱ የተቸገረ መስሏት። «ስልኩ ብዙ ይቆጥርባታል እኮ።»

«ቆዪ በያት።»

«ቆዪ ይላሉ» አለች አስካለ።

«ማነው የሚለው?» አለች ሴትዮዋ። «የጣቢያው አዛዥ አጠገብዎ ናቸው? ስማቸውን ሊነግሩኝ ይችላሉ?»

አስካለ አፏን ከመክፈቷ በፊት ኮማንደሩ ስልኩን ከእጇ ወሰደው፤ «መስመሩ ጥሩ አይደለም» አለና ዘጋው። ስልኩ እንደገና ጮኸ። ኮማንደሩ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እንደ ጊንጥ ከሩቅ ያየው ጀመር።

«አባቴ» አለ በመጨረሻ ለመምሬ፣ «በዓሉ እስኪያልፍ ምን ያስጠብቀናል? ዋስ ይሁኑና ይውሰዱት። ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን፣ አሥር ሰዓትም ቢሆን ቤቱ ሄዶ ይብላ። የሱ ሆድ የኔ ኃላፊነት አይደለም!»

መምሬ ፈረሙ። ኦብሳ ቀበቶውንና የጫማ ማሰሪያውን ተቀበለ። በያይነቱን ማን እንደበላው አይታወቅም፤ ዘበኛው ግን በመስኮት አይቶ ሰዓቱ ዘጠኝ እንዳልነበረ ኋላ ሲያወራ ተሰምቷል።

ከቀትር በኋላ የአስካለ ቤት ሞላ። መምሬ በምህላችን ነው አሉ። ሽማግሌዎቹ በልመናችን ነው አሉ። ጣቢያው በገጹ «ማጣራቱ በመጠናቀቁ» ብሎ እንደጻፈ ሣራ አነበበች። ኦብሳ ዘጠኝ ሰዓትን ጠብቆ እናቱ ፊት ተቀመጠና፣ ሦስት ሰው የሚያጠግብ እንጀራ ጀመረ። አንደኛውን ጥቅል እንደጨረሰ ገመዳ ደወለ።

«ወጣ? እውነት ወጣ?» ገመዳ ስልኩ ላይ አለቀሰ፤ እንደ ልጅ ነው ያለቀሰው፣ አስካለም አብራው አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫውን ሳበና፦ «አዳዳ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እሑድ ትልቅ ሰልፍ አለን። ፈቃድ ወጥቷል፣ አውቶቡስ ተከራይተናል፣ ከሦስት ግዛት ሰው ይመጣል። እስከ እሑድ ብቻ መፍታታቸውን ባትናገሪ?»

«ልጄን ደብቄ አስቀምጠው ነው የምትለኝ?»

«መደበቅ አይደለም፤ ዝም ማለት...»

«ዝም እላለሁ። ከጠየቁኝ ግን እነግራቸዋለሁ፤ እኔ መዋሸት ከአንዴ በላይ አልችልበትም።»

ኦብሳ አፉ ሞልቶ ስልኩን እንድትሰጠው እጁን ዘረጋ። በኦሮምኛ ጀመረ፣ እየዋጠ። «ገመዳ፣ ሰልፉን አትተው። የኔን ፎቶ አንሣው እንጂ። የነበርኩበት ክፍል ውስጥ ስድስት ሰው አለ፤ እነሱም በማጣራት ላይ ናቸው።»

«ስድስት?» አለ ገመዳ። «ሁሉም የኛ ልጆች ናቸው?»

«ሁለቱ ናቸው። አንዱ የአሊዩ አምባ አርጎባ ነው፤ የቀሩት አማሮች ናቸው፣ አንዱ የለሚ ገበሬ።»

ሚኒሶታ ውስጥ የሆነ በር ተከፈተና ተዘጋ።

«የተመረቁበት ፎቶ አላቸው?» አለ ገመዳ ኋላ፣ በደከመ ድምፅ።

«ገበሬው?»

«ይቅርታ። እሺ... አድማ የመታ አለ?»

«ሁሉም ይበላሉ፤ ካገኙ» አለ ኦብሳ።

ገመዳ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «ስማቸውን ንገረኝ» አለ። «እስቲ እንሞክር። ማን እንደሚመጣ ግን አላውቅም።»

ኦብሳ ስሞቹን መጥራት ጀመረ፣ ቀስ ብሎ፣ የየአባታቸውን ጭምር። አስካለ ሳህኑ ላይ ሌላ ጭልፋ ሽሮ ጨመረችለትና፣ ስልኩን በግራ እጁ እንዲይዝ በምልክት ነገረችው፤ ምግቡ እየቀዘቀዘ ነበር።