የመዳፍ ቅምሻ

እመት የሺ ጠጅ መጣል ከተዉ አራት ዓመት አልፏቸዋል፤ የሰውን ጠጅ መናቅ ግን ለአንድ ቀን እንኳ አላቋረጡም። በእሳቸው ሚዛን ደብረ ታቦር ውስጥ ያለ ጠጅ ቤት ሁሉ ከሦስት አያልፍም፦ ስኳር የሚያፈላ፣ ቀለም የሚበጠብጥ፣ ሁለቱንም የሚያደርግ። አራተኛ ዓይነት ነበረ፤ እሱ የራሳቸው ቤት ነው፤ እሱም ተዘግቷል። ለምን ዘጉት የሚላቸው ከተገኘ፣ “ጠጅ የሚያውቅ ሰው አለቀ፤ ለማን ልጣል?” ይላሉ። እውነቱ ትከሻቸው ጋን ማንሳት አቅቶት ነው። ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ፊት ለፊት የሚናገር ግን እስካሁን አልተወለደም።

በሁለት ሺህ አሥራ አንድ መስቀል በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ልጃቸው ሲሳይ ከአዲስ አበባ መኪና ይዞ ከሚስቱ ከፋሲካ ጋር መጣ።

“እማዬ፣ ዛሬ አገር እናያለን፤” አለ። “ጉና ድረስ እንወጣለን፣ አበባውን እናያለን፣ በየመንገዱ ደግሞ ጠጅ እንቀምሳለን።”

“አገሩን ስልሳ ስምንት ዓመት አይቸዋለሁ። ዘንድሮ ምን ጨመረ?”

ይህን እያሉ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ከመኪናው የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ምን እንዳሰበ ጠፍቷቸው አይደለም። ወደ ጉና የሚወስደው መንገድ በገሳይ ያልፋል፤ ገሳይ ውስጥ ደግሞ ፈንታነሽ አለች። ፈንታነሽ የበኩር ልጃቸው ናት። ከእሷ እጅ ውኃ እንኳ ከጠጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እመት የሺ በጠጅ ቤት ዘመናቸው ማር የሚገዙት ከዑመር ብቻ ነበር። ዑመር ከእብናት ማር እያመጣ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ጠጅ በአፉ ዞሮ አያውቅም፣ ስለ ማር ሲናገር ግን ዋሽቶ አያውቅም። ከስድስት ዓመት በፊት በአንድ ክረምት ዑመር ታሞ ተኛ። እመት የሺም ለወገባቸው ጠበል ሄደው ሁለት ሳምንት ቆዩ። ቤቱን እንድትጠብቅ የቀረችው ፈንታነሽ፣ ማር ብታጣ፣ እንግዳ አፉን አብሶ አይመለስ ብላ አንዱን ጋን በስኳር ጣለችው። እናትየው ሲመለሱ አንድ ጉንጭ ቀመሱ። ከዚያ ጋኑን ደጅ አስወጥተው በጠጪው ሁሉ ፊት መንገዱ ላይ ገለበጡት።

“ከእንግዲህ ካንቺ እጅ አልቀምስም፤” አሏት።

የባሰው ግን እሱ አልነበረም። ከጠጪዎቹ አንዱ የሚፈሰውን እያየ፣ “ምን ነካዎት እመት የሺ! እንዲህ የሚጥም ጠጅ ከዚህ ቤት ጠጥቼ አላውቅም እኮ!” አለ። እመት የሺ ይህችን ቃል ለሰውየውም ለልጃቸውም ይቅር አላሉም። ፈንታነሽ በሳምንቱ ልብሷን ሸክፋ ገሳይ ገባች፤ እዚያም የራሷን ጠጅ ቤት ከፈተች።

እነ ሲሳይ መጀመሪያ የቆሙት ከከተማው ዳር ከተከፈተው የማር ወይን ማምረቻ ነው። ትልቅ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ክራባት ያሰረ ጎረምሳ በፈገግታ ተቀበላቸውና እግሩ ቀጭን በሆነ ብርጭቆ ከታች ጥቂት ቀድቶ አቀረበላቸው። እመት የሺ ብርጭቆውን አገላብጠው አዩት።

“ሙላው እንጂ። ዓይኔን ላጥብበት ነው?”

“መጀመሪያ እንዲህ እያዞሩ፣ እናቴ፣ አፍንጫዎን ወደ ውስጥ ያስገቡ። መዓዛውን ለመለየት ነው።”

“እኔ አፍንጫዬን የማስገባው ጋን ውስጥ ነው ልጄ። እሱም በደንብ ታጥቦ በወይራ መታጠኑን ለማወቅ። ይልቅ በል፣ ቅመስ።”

ልጁ አልገባውም። እመት የሺ መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩት። አሳላፊ ለእንግዳ ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ መጠጡ ክፉ ነገር እንደሌለበት በራሱ ጉሮሮ ይመሰክራል። ይህ ለባዳ ነው። ለቤተሰብ አይደረግም። ከልጁ ወይም ከእህቱ እጅ የሚጠጣ ሰው “ቅመሺ” ቢል፣ “አላምንሽም፣ ትገድይኛለሽ” እንዳለ ይቆጠራል። እመት የሺ በአርባ ዓመት የጠጅ ቤት ዘመናቸው ለባዳ ሳይቀምሱ ቀድተው አያውቁም፤ ለዘመድም ቀምሰው አያውቁም።

“ይቅርታ እናቴ፣ በሥራ ሰዓት መጠጣት አይፈቀድልንም፤” አለ ልጁ።

“አበስኩ ገበርኩ! አንተ የማትደፍረውን ነው ለእኔ የምትቀዳው?”

አንዴ ተጎነጩ። አፋቸው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አሉትና በር ላይ ከቆመው የአበባ ማሰሮ ውስጥ ተፉት።

“ስኳር ነው። ያውም የሰነፍ ስኳር፤ በወጉ እንኳ አልተበጠበጠም።”

ብርጭቆውን ከነመጠጡ አስቀምጠው ወጡ። ፋሲካ ግን ሁለት ጠርሙስ ገዛች። ወረቀቱ ላይ ያለው የንብ ሥዕል ማርኳት ነው። እመት የሺ ለሥዕል ገንዘብ የሚከፍል ሰው በሕይወታቸው ሲያዩ የመጀመሪያቸው ስለሆነ፣ እስከሚቀጥለው ጠጅ ቤት ድረስ ምራታቸውን በመስታወቱ ውስጥ እያዩ ሄዱ።

የሚቀጥለው፣ መንገድ ዳር ያለው የሞላ ቤት ነው። ሞላ ቢያንስ ወጉን ያውቃል። ጎንበስ ብሎ “እንዴት ሰነበቱ እመት የሺ? አንቱ በእኔ ቤት!” አለና በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀመሰ። ሲቀምስ ግን ፊቱ ኮሶ የጠጣ ሰው ፊት መሰለ።

“ተወው፣ ፊትህ ነግሮኛል፤” አሉት።

ቢሆንም ቀመሱ፤ ከደጃፍ ወጥተውም ተፉ። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ብርሌው ውስጥ ነክረው አወጡት። ጨርቁ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ። “ከጠጅ ቤት ይልቅ ማቅለሚያ ቤት ብትከፍት ያዋጣሃል፤” አሉና ብርሌውን ከነጠጁ መለሱለት። ሞላ አልተቀየመም። እመት የሺ ተፉበት መባልም ለሞላ ቤት ማዕረግ ነው።

ገሳይ ሲደርሱ ሲሳይ የመኪናውን ፍጥነት ቀነሰ።

“ፈንታነሽ...” ብሎ ጀመረ።

“ስንዴው ዘንድሮ አምሯል፤” አሉ እመት የሺ፣ ፊታቸውን ወደ ማሳው አዙረው። ያዩት ማሳ ገብስ ነበር። ሲሳይ አላረማቸውም፤ ሳይቆም አለፈ።

የጉና ግርጌ ላይ ወረዱ። ዝናሙ ገና ከሄደ ሳምንት አልሞላውም፤ ምድሩ እርጥብ ነው፣ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ከላይ ጉም ተራራውን እየሸፈነ እየገለጠው፣ እንደ ምሰሶ የቆሙት ጅብራዎቹ አንዴ ይታያሉ አንዴ ይጠፋሉ። ፋሲካ “ወይኔ ሲያምር!” እያለች ስልኳን ወደ ተራራው ትደግናለች፤ ከዚያ ወደ አበባው፤ ከዚያ ወደ ራሷ ትመልሰዋለች።

“ተራራው የሚሸሽ መስሏት ነው?” አሉ እመት የሺ ለልጃቸው። “አበባውስ ለንብ እንጂ ለስልክ ተፈጠረ?”

ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ንቦቹን ያዩ ጀመር። በየአበባው ገብተው ቢጫ ለብሰው ይወጣሉ። በዓለም ላይ ሥራዋን የምታውቅ ንብ ብቻ መሆኗን አስተዋሉ፤ የቀረው ፍጥረት ሁሉ እጁ የማይረባ ነው። ነፋሱ ሲበረታ ፋሲካ ጃኬቷን አውልቃ ትከሻቸው ላይ ጣለችላቸው። “ብርድ አላውቅም፤” አሉ። አላወለቁትም።

ሲሳይ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

“እማዬ፣ ስድስት ዓመት ይበቃል። ዛሬ እንመጣለን ብያታለሁ፤ ከጠዋት ጀምራ ትጠብቅሻለች።”

“ማን ላከህ?”

“ማንም። ቤት ውስጥ ብቻሽን ነሽ። ወገብሽ ታሟል። እሷ እዚህ ቅርብ ሆና እኔ ከአዲስ አበባ በስልክ እጠይቅሻለሁ። ካልፈለግሽ መኪናው ውስጥ ጠብቂን፤ እኛ ሰላም ብለናት እንመጣለን።”

“መኪና ውስጥ እንደ ጆንያ ልቀመጥ? እገባለሁ። ምን እንደምታፈላ አይቼ እስቃለሁ።”

እመት የሺ ግን የሚስቅ ሆድ አልነበራቸውም። ፈርተው ነበር። የፈንታነሽ ጠጅ መጥፎ ከሆነ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ አጠገባቸው አቁመው ያስተማሯት ከንቱ ሆነ ማለት ነው። ጥሩ ከሆነ ደግሞ ስድስቱ ዓመት ከንቱ ሆነ ማለት ነው። ቁልቁል እየወረዱ ሁለቱን ሲያመዛዝኑ ሁለተኛው ከበዳቸው።

የፈንታነሽ ቤት በሩ ሰማያዊ ነው። ደጁ ተጠርጓል፤ አግዳሚዎቹ ላይ አምስት ስድስት ገበሬዎች ተቀምጠው ይጫወታሉ። እመት የሺ ሲገቡ ጨዋታው ቆመ። ያችን የፈሰሰች ጋን የማያውቅ ሰው በዚህ አካባቢ የለም። ፈንታነሽ ከጓዳ ወጣች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ እናትየው ይህን አልጠበቁም ነበር። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። እመት የሺ “ተነሽ፣ ተነሽ” ብለው በነጠላቸው ጫፍ ገፋ አደረጓት፤ ያ ቢጫ ጫፍ መሆኑን ያዩት በኋላ ነው።

ፈንታነሽ ማንቆርቆሪያና ብርሌ ይዛ መጣች። ለእናቷ ልትቀዳ ስታዘነብል፣ እመት የሺ ብርሌውን በመዳፋቸው ከደኑት።

“ቅመሺ።”

“እማዬ!” አለ ሲሳይ።

ከገበሬዎቹ አንዱ አንገቱን ደፋ። ፋሲካ እንኳ፣ ጠዋት ከክራባታሙ ልጅ ጋር የተባለውን ሰምታ ስለነበር፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ገብቷት ባሏን ያዘችው። ፈንታነሽ ግራ እጇን ዘረጋች፣ ጠብ አደረገች፣ ቀመሰች። ከዚያ ለእናቷ ቀዳች።

እመት የሺ ተጎነጩ። ሰዉ ሁሉ መትፋታቸውን ጠበቀ። አልተፉም። አፋቸው ውስጥ ያለው የእብናት ማር ነው፤ ዑመር ለእሳቸው ለይቶ ያስቀምጠው የነበረው፣ ከተዋጠ በኋላ ጉሮሮ ላይ ትንሽ የሚያቃጥለው። ጌሾው በልኩ ነው። ጋኑ በወይራ ታጥኗል፤ ያውም ሁለት ጊዜ፣ ማንም ሰው የማይደክምለትን ያህል። እሳቸው ራሳቸው በመጨረሻዎቹ የጠጅ ቤት ዓመታቸው እንዲህ ያለ ጥለው አያውቁም። ይህን ለራሳቸው አመኑ፤ ሲያምኑም ዓይናቸው ሊያሳጣቸው ደረሰ። ብርሌውን እንደገና አነሱት፤ ከዚያም እንደገና።

“እንዴት ነው እማዬ?” አለች ፈንታነሽ። ለስድስት ዓመት ልትጠይቅ የፈለገችው ይህንኑ ብቻ ነበር።

“ስኳር ነው፤” አሉ እመት የሺ።

ፈንታነሽ ዓይኗን ዝቅ አደረገች። ዝቅ ስታደርግ ብርሌውን አየችው። ሲሳይም አየው፤ ገበሬዎቹም አዩት። ከጠዋት ጀምሮ ብርጭቆም ሆነ ብርሌ ከነመጠጡ ሲመልሱ የዋሉት ሴትዮ ብርሌ ባዶ ነው፤ ከታቹ ጠብታ አልቀረም። ማንም አልሳቀም። በዚያ ቤት መሳቅ የሚፈቀድላቸው እመት የሺ ብቻ ነበሩ።

ፈንታነሽ ማንቆርቆሪያውን አነሳች። እንደ መጀመሪያው ግራ መዳፏን ዘርግታ፣ ለባዳ እንደሚደረገው፣ ጠብ ልታደርግ አዘነበለች። እመት የሺ እጇን ቀጨም አድርገው ያዙት። መዳፏን በጣቶቻቸው አጠፉና ዘጉት።

“ምን ታፈሺዋለሽ!” አሉ በቁጣ። “የዑመር ማር በነፃ የሚታደል መሰለሽ? ዝም ብለሽ ቅጂ።”

ፈንታነሽ ቀዳች። ጥቂት ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰባት።

“አሁንም መቅዳት አልቻልሽም፤” አሉ እመት የሺ፤ የያዙትን እጇን ግን አልለቀቁትም።