ዘርፉ የጠራችው ስም

ዘርፉ ከወለንጪቲ ገበያ ሽንኩርት ጭና ስትመለስ ከመኪና ላይ ወድቃ ወገቧ ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ ወርዳ አታውቅም። ባልም ልጅም የላትም። በምትኖርበት በናዝሬት የቀበሌዋ ሴቶች ማኅበር አባላቱን በተራ እየላከ ያሳጥባታል፣ ያስመግባታል። ተራው የደረሳት ሴት፣ አንዷ በቀዝቃዛ፣ ሌላዋ በሚፋጅ ውኃ አጥባት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አስተኝታት ትሄዳለች። ወደ በሩ አዙሩኝ ብትል ሰሚ የለም። "ነፋሱ አቧራ ያመጣብዎታል" ይሏታል።

እንደ ሰው የምትይዛት ከቅንጭብ አጥሩ ወዲያ ያለችው ቶይባ ብቻ ናት። ቶይባ ስብሰባ ስለማትወጣ ቀበሌው በክፉ ዐይን ነው የሚያያት። ስለዚህ በአጥሩ ሽንቁር ሾልካ ትመጣና፣ "አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ፣ ዘርፉ? ዛሬ ደግሞ ማን ነው እንደ ድንች የላጠሽ?" እያለች ጀርባዋን ትቀባታለች፣ ጸጉሯን ትሠራታለች።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አዲሷ የማኅበሩ ሊቀመንበር ሙሉብርሃን ብቻዋን መጣች። በርጩማ ስባ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች።

"እማማ ዘርፉ፣ ከእንግዲህ እኛ አንመርጥብዎትም" አለች። "ማን ይርዳዎት? በስንት ሰዓት ይምጣ? ምን ይደረግልዎት? እርስዎ ያሉት ይሆናል።"

ዘርፉ ደነገጠች። ቀበሌ ያዛል እንጂ መቼ ሰው ጠይቆ ያውቃል?

"ለምንድን ነው የምትጠይቂኝ፣ ልጄ?"

"እናቴ እንደ እርስዎ ተኝታ ነው የሞተችው። አንድ ቀን እንኳ ምን ትፈልጊያለሽ ያላት አልነበረም።"

የሚያሳዝን ነገር ነው። ግን የሚያሳዝን ነገር እያወሩ የሚመጡትን ዘርፉ ታውቃቸዋለች። በቀይ ሽብር ጊዜ ጎረቤቷን፣ "ቤትሽ የሚገባ የሚወጣው ማን ነው? ልንረዳቸው ነው" ብለው በለሰለሰ አፍ ጠየቋት። እሷም የጠራቻቸው ልጆች በዚያው ወጥተው ቀሩ። ይቺኛዋ ደግሞ ወረቀትም እስክሪብቶም አልያዘችም። የማትጽፈውን ስም የት ልታደርሰው ነው?

የቶይባ ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ መልሳ ዋጠችው። ቢወስዱት የማያሳዝናት ማን አለ? የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ሻጭ ዘውድነሽ ትዝ አለቻት። ስኳር ስትሸጥ ሚዛኑን በአውራ ጣቷ የምትጫን፣ የቀበሌ ጆሮ ናት የምትባል፣ ብቅ ስትል ወሬ የሚቋረጥባት ዘውድነሽ።

"ዘውድነሽን እፈልጋለሁ" አለች።

"ዘውድነሽን?" ሙሉብርሃን ተገረመች። "የሱቋን?"

"እሷኑ። ሌላ ሰው አላውቅም።"

ሰኞ ጠዋት ዘውድነሽ ከች አለች። የወሰዳት የለም። ሳሙና ይዛ፣ ፊቷ በርቶ ነው የመጣችው።

"እትዬ ዘርፉ! ከዚህ ሁሉ ሴት መሀል እኔን? እኔን እኮ ሰው የሚያናግረኝ ስኳር ሲመጣ ብቻ ነው!"

ዘርፉ በሆዷ፣ 'እንዲህ ነው የሚጀምሩት። ልቤን አራርታ ልታወጣጣኝ ነው' አለች። ለመፈተን ያህል ግን፣ "ወደ በሩ አዙሪኝ" አለቻት። ዘውድነሽ አንድ ቃል ሳትመልስ አልጋውን ጎትታ አዞረችው። መንገዱ፣ ጋሪዎቹ፣ ሰዉ ሁሉ ታየ። ዘርፉ ደስ ሊላት ሲገባ ይብስ ተጠራጠረች። ያሉትን ሁሉ እሺ የምትል ሴት ምን ፈልጋ ነው?

ቶይባ ደግሞ ከዚያን ቀን ወዲህ በሽንቁሩ ብቅ አላለችም። ሐሙስ ዕለት በመንገዱ ስታልፍ ዘርፉ አየቻትና ጠራቻት።

"ቶይባ! ምነው ጠፋሽ?"

ቶይባ ደጃፉ ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም። "ተጠይቀሽ ዘውድነሽን አልሽ አሉ። የእኔ እጅ ይሻክራል?"

"ላንቺ ፈርቼ እኮ ነው..."

"ለእኔ? እኔ አጥር ስሾልክ ያልፈራሁትን? ይሁን፣ የሱቅ እመቤት ትጠብሽ። ስኳርም አይጠፋሽም!" ብላ ሄደች።

ዘውድነሽ ውኃ ይዛ ስትገባ ዘርፉን እያለቀሰች አገኘቻት።

"ምነው እትዬ? ውኃው ትናንት ፈጀዎት?"

ዘርፉ ዝም ብትል ቶይባ ቀረች ማለት ነው። ብትናገር ደግሞ መዘዙን ማን ያውቃል? ዘውድነሽን ትክ ብላ አየቻት።

"ስሙ የተጠራ ሰው ይወሰዳል። እኔ ስም ብነግርሽ የት ታደርሺዋለሽ?"

"የምን ስም?" አለች ዘውድነሽ። ወዲያው ግን ፊቷ ተለዋወጠ። ሳፋውን አስቀምጣ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። "እኔን የጠሩኝ... ቢወስዱኝ ስለማላሳዝን ነው?"

ዘርፉ ዐይኗን ወደ መንገዱ መለሰች።

"እኔ ነኝ ጅሏ!" አለች ዘውድነሽ። "ሳሙናውን እንኳ ከቤቴ ነው ያመጣሁት።" ቀና ብላ፣ "ታዲያ ማንን ነበር የፈለጉት?" አለች።

ያው ጥያቄ ተመልሶ መጣ።

"ቶይባን" አለች።

ዘውድነሽ ብድግ ብላ ወጣች። ዘርፉ ጆሮዋን አቀናች። በመንገዱ ከሄደች ቀበሌ ነው። የእግሯ ኮቴ ግን ቤቱን ዞሮ ወደ ጓሮ አለፈ። ከዚያ፣

"ቶይባ! አንቺ ቶይባ! እትዬ ዘርፉ የምትፈልገው አንቺን ነው! እኔን የጠራችኝ በአንቺ ፈንታ እንድታሰርላት ነው!"

ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ባለጋሪው ሳይቀር ልጓሙን ስቦ ቆመ። ዘርፉ ሊያንሾካሹኩት የሚያስፈራት ስም እንዲህ ሲለፈፍ ሰምታ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ከቅንጭቡ ወዲያ የቶይባ ሳቅ ተሰማ።

ቶይባ ዛሬ በሽንቁሩ አልመጣችም። መንገዱን ዞራ በበሩ ገባች።

"እንድታሰርላት?" አለች፣ ከዘርፉ አልጋ ጫፍ ላይ እየተቀመጠች። "ኧረ አንቺስ ዘርፉ፣ ክፉ ነሽ!"

ዘውድነሽ ሳሙናውን አቀበለቻት። "ለሙሉብርሃን እኔ እነግራታለሁ" አለች። ከዚያ ወደ ዘርፉ ዞር ብላ ድምጿን ቀነስ አደረገች። "ቅዳሜን ግን... ቅዳሜን ለእኔ ይተዉልኝ።"

ዘርፉ በሁለቱ ሴቶች መሀል አሻግራ መንገዱን አየች። ባለጋሪው ሄዷል። ከቀበሌ የመጣ ሰው አይታይም፤ ለጊዜው።

"አስብበታለሁ" አለች።