በክር የተለካ መንገድ

ታናሺቱ «ለሁለት ሰው አስቢው» ስትል፣ ታላቂቱ ሁለተኛዋ ሰው ራሷ መሰለቻት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሺቱ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሚዛኖች በትክክል መመዘናቸውን የምትፈትሽ ባለሙያ ናት። መሥሪያ ቤቷ አዲስ የገዛውን መሣሪያ አጠቃቀም እንድትማር ለአምስት ቀን ውጭ አገር ሊልካት ወሰነ። ያልወሰደችው የዘጠኝ ቀን ፈቃድም ነበራትና፣ «እግሬ ከወጣ ላይቀር አራት ከተማ አዳርሼ ልምጣ» ብላ አሰበች። ቅዳሜ ረፋድ ላይ የከተሞቹን ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ታላቅ እህቷ ቤት መጣች።

ታላቂቱ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የዓለምን ካርታ ስትሰቅልና ስታወርድ ኖራለች እንጂ ድንበር ተሻግራ አታውቅም።

«እትዬ፣ የቱ ይቅደም፣ የቱ ይከተል፣ በባቡር ይሁን በአውቶቡስ፣ አንቺው ጨርሺልኝ። ብቻ ለሁለት ሰው አስቢው።»

«ለሁለት?»

«ብቻዬን ዞሬ ምን ሊጥመኝ!»

ታላቂቱ ወረቀቱን አየችው። ሦስተኛው መስመር ላይ የሐይቁ ከተማ ተጽፏል። ልጆች ሳሉ እናታቸው ከምሳ በኋላ ተኙ ስትላቸው፣ አንሶላ ተከናንበው አሮጌ የካርታ መጽሐፍ ይገልጡና ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን ያሳርፉ ነበር። ጣት ያረፈበት ከተማ የባለጣቷ ነው። የታላቂቱ ጣት እዚያ ሐይቅ ዳር ያረፈ ዕለት የተሰማት ደስታ እስከ ዛሬ አልለቀቃትም።

ሰኞ ጉርድ ፎቶ ተነሣች፣ ለፓስፖርት። ማክሰኞ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብታ ፈቃድ ጠየቀች።

«አንቺ? ፈቃድ?» አሉና ሳቁ። «ፀሐይ ዛሬ በየት በኩል ወጣች?» ሆኖም ፈተናዋን ሌላ አስተማሪ እንዲቆጣጠርላት ፈቀዱ።

ረቡዕ ታናሺቱ ደወለች። «እትዬ፣ ሳቂታዋ መስኮት ዳር ካልተቀመጥኩ ያዞረኛል እያለች ነው። ባቡሩ ላይ ቦታ መምረጥ ይቻላል?»

ሳቂታዋ የታናሺቱ የሥራ ባልደረባ ናት። ስሟን የሰጣት ጥርሷ ነው፤ ከደን ብሎ አያውቅም።

«ሳቂታዋን ምን አገባት?»

«እንዴ! አብራኝ እኮ ነው የምትሄደው። ሥልጠናው ላይም አብረን ነን። አልነገርኩሽም?»

ታላቂቱ የስልኩን ጠርዝ በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገች። «ነግረሽኛል» አለች።

«አንቺማ ፈተና ላይ ነሽ። ባትሆኚስ? ‹ሰው ድንጋይ ለማየት አገር ላገር ይንከራተታል፣ እኔ ሁሉም በካርታዬ አለልኝ› የምትይው ማን ሆነሽ!»

እውነቷን ነው። የሰው የጉዞ ፎቶ ባየች ቁጥር ውስጧ እርር ይልና ይህችኑ ዓረፍተ ነገር ትወረውራለች። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች።

ሐሙስ ተማሪዎች ሲወጡ ባዶ ክፍል ውስጥ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። የባቡር ሐዲድ ይጠማዘዛልና በማስመሪያ አይለካም። እሷ ክር በውሃ ታረጥብና ጠመዝማዛውን ተከትላ ታስተኛዋለች፤ ከዚያ ዘርግታ ትለካዋለች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ከተሞች መንገድ ያለ እንከን ሠራች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ክሩ ጣቷ ላይ ተለጠፈ። ሳቂታዋ ታየቻት። መስኮት ዳር ተቀምጣ፣ ሐይቁ ብቅ ሲል ጥርሷን ብልጭ አድርጋ። ሰሜንና ደቡብ የማትለይ ሴት!

ብዕሯን አነሣችና በዚያ ተማሪዎቿ በሚያውቁት ድርድር ያለ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ወደ ሐይቁ ከተማ የሚወስደው የባቡር ድልድይ በጥገና ላይ ስለሆነ መስመሩ ዝግ ነው። ይታለፍ።»

የወንዝ ስም በግምት ለጻፈ ተማሪ ዜሮ የምትሰጥ አስተማሪ ናት።

«ውይ፣ ያሳዝናል» አለች ታናሺቱ ወረቀቱ ሲደርሳት። «በቃ፣ አንቺ ካልሽ አለቀ።» ሥራዋ የሚያጭበረብር ሚዛን መለየት ነው፤ እህቷን ግን መዝና አታውቅም።

ቅናት ጠግቦ አይተኛም። አርብ ዕለት ታላቂቱ ሁለተኛውንም ከተማ ባለመሰረዟ ስትቆጭ ዋለች።

ቅዳሜ ታናሺቱ ፊቷ እንደ ጠቆረ መጣች። የጉዞው ወረቀት እንዳይታሸት በላስቲክ ተደርጎ በእጇ ነው።

«ከሳቂታዋ ጋር ተኳረፍን።»

«በምን?»

«‹ባቡሩ በየሁለት ሰዓቱ ይሄዳል፣ ስልኬ ላይ አይቻለሁ› አትለኝም! ‹ስልክሽ ይሳሳታል እንጂ እህቴ በካርታ ተሳስታ አታውቅም› አልኳት። ‹እህትሽ ከቤቷስ ወጥታ ታውቃለች?› አለችኝ። በዚያው ተዘጋጋን። ከእሷ ጋር መዞሩም ይቅርብኝ።»

ቦታው ተለቀቀ ማለት ነው። የታላቂቱ ጉርድ ፎቶዎች ቦርሳዋ ውስጥ ናቸው። ፈቃዱንም ገና አልመለሰችም። ዝም ብትል ብቻ የሚሆነውን ታላቂቱ አየችው። ወረቀቱን አየችና ደግሞ ላስቲኩን አየች።

«አልተሳሳትኩም» አለች።

«አየሽ! እኔም ያልኳት—»

«ዋሽቼሽ ነው። ድልድዩ ደህና ነው።»

ታናሺቱ ቁጭ አለች። «ለምን?»

«ከእሷ ጋር እንዳታዪው። ከተማው የኔ ነው። ጣቴ ያረፈበት ነው።»

«የማን ጣት? የኔ እንጂ! ያንቺማ በረሃ ላይ አርፎ ስታለቅሺ አልነበር? ‹እንቀያየር› ብለሽ ለምነሽኝ እምቢ አልኩሽ።»

ታላቂቱ ልትከራከር አፏን ከፈተች። ያ ቢጫ የበረሃ ገጽና የረጠበ የአንሶላ ጫፍ ድንገት ትዝ አሏት። አፏን መልሳ ዘጋችው።

«ቀንተሽ ነው?» አለች ታናሺቱ።

«አዎ።»

«አንድ ቀን እንኳ ‹ልምጣ› ብትይኝስ?»

«መጠየቅ አላውቅበትም።»

«መዋሸቱን ታዲያ የት ተማርሽው?»

ታናሺቱ «እንግዲያው ነይ» አላለችም። ወረቀቱን ከላስቲኩ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «አስተካክዪው።»

ታላቂቱ ክር አረጠበች። ለካች፣ የባቡሩን መነሻና መድረሻ ሰዓት ጻፈች። ከጎኑም «ሐይቁ በግራ በኩል ነው የሚታየው» ብላ ጨመረች። ታናሺቱ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። ደረጃው ላይ ሆና ለሳቂታዋ ደወለች፤ ጥቂት ቆይቶ ሳቋ ተሰማ። ታላቂቱን ያ ሳቅ እንደ መርፌ ወጋት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ታናሺቱና ሳቂታዋ ሄዱ። ከሥልጠናው ስድስት ቀን በኋላ ፎቶ መጣ፤ ሐይቁ ከኋላ፣ ጥርስ ከፊት። ታላቂቱ ፎቶውን ያየችው ፈተና እየተቆጣጠረች ሳለ ነበር፤ ፈቃዱን መልሳለች። ፈተናው ሲያልቅ ወረቀቶቹን ሰበሰበችና ጉርድ ፎቶዎቹን ይዛ ሄዳ የፓስፖርት ማመልከቻ አስገባች።