ጨለማ ያልነበረው ጠርሙስ

በጋዝ መለኪያው ማያ ገጽ ላይ መስመሩ ወደ ላይ ተነሣ፤ መነሣት አልነበረበትም። ሮተም መዳፏን አፏ ላይ አድርጋ ሹሉን ጫፍ ተመለከተችው። ይህ በጨለማ የቆየው ጠርሙስ ነው።

ሁለት ዓመት የደከመችበት ነገር በአጭሩ ይህ ነበር፤ በመሃሉ ኮባልት የያዘ ቀይ ውሁድ በሚታይ ብርሃን ኃይል ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለውጣል፤ ከዚያ ደግሞ ነዳጅ መሥራት ይቻላል። ለማረጋገጫ አንዱን ጠርሙስ መብራት ሥር ትታ፣ ሌላውን ዓርብ ከቀትር በኋላ መስኮት በሌለው የዕቃ ክፍል አስቀምጣ ነበር። ዛሬ እሑድ፣ በሳምንቱ የመጀመሪያ የሥራ ቀን፣ የጨለማውም ጠርሙስ ጋዝ ሠርቶ ተገኘ። እንግዲያው ሥራው የብርሃን አይደለም፤ ውሁዱ በራሱ እየፈረሰ ነው።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ኢላኒት አልተቆጣችም፤ የከበደውም ይኸው ነበር። «ዛሬ ሠራተኛው ከመውጣቱ በፊት ሌላ ነገር ካላሳየሽኝ ሥራውን እዘጋዋለሁ» አለች በለሆሳስ።

ሮተም ምን እንደምትፈልግ ሳታውቅ ወደ ዕቃ ክፍሉ ገባች። መደርደሪያው አጠገብ የፕላስቲክ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ የንባብ መነጽር አለ።

«እሱን ስፈልግ ነው ያረፈድሁ» አሉ ከኋላዋ የግቢው ጥበቃ አባ ቢምረው። «ትናንት ቅዳሜ፣ ሻባትን እዚህ ነው የዋልሁ። በሩ ላይ ሙቀቱ ሰው አያስቀምጥም።»

«በጨለማ መነጽር ምን ያደርግልዎታል፣ አባ?»

«ምን ጨለማ አለ? በሻባት ማብሪያ አልነካም፤ ሕጉ አይፈቅድም። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይችን አምፖል የሻባት ሰዓት በሚሏት መቁጠሪያ ላይ ሰካኋት፤ ራሷ በራች፣ ራሷ ጠፋች። ቀኑን ሙሉ ዳዊት ደገምሁባት።»

ሮተም ሶኬቱ ላይ ያለችውን ክብ መቁጠሪያ አየች። እንዲህ ያለችውን እናቷ ዓርብ ዓርብ ስትሞላ እያየች ነው ያደገችው። ጠርሙሱ ጨለማ አላየም ማለት ነው። እየሳቀች ግድግዳውን ተደገፈች።

«ምን ያስቅሻል? ጠርሙስሽን አልነካሁም። ቀይ ቢሆንብኝ እንዲያው፣ የትኛው ቂል ነው የቂዱሽ፣ የሻባት ቡራኬ ወይኑን እዚህ የረሳው ብዬ ነበር።»

«ቂሏ እኔ ነኝ፣ አባ።»

ሁለት አዲስ ጠርሙሶች አዘጋጀች። አንዱን በአልሙኒየም ፎይል ሦስት ዙር ጠቀለለችው፤ ሌላውን ራቁቱን ተወችው። ሁለቱንም በዚያችው አምፖል ሥር አስቀመጠቻቸው። ሰዓቱ አልገፋ አላት። አባ ቢምረው ፈረቃቸው ቢያልቅም ወደ ቤታቸው አልሄዱም።

ከሰዓት በኋላ ኢላኒት ማያ ገጹ ፊት ቆመች። የተጠቀለለው ጠርሙስ መስመር እንደ ኢይዝራኤል ሜዳ ዝርግ ሆኖ አለፈ። ቀጥሎ የራቁቱ መጣ። ትንሽ፣ ግን ጥርት ያለ ጫፍ ብቅ አለ።

«በተራ አምፖል?» አለች ኢላኒት።

«በተራ አምፖል።»

ኢላኒት በርጩማውን ስባ ተቀመጠች። ከዚያ ፈገግ አለች። «በፀሐይስ ሞክረሽዋል?»

ሮተም ሦስተኛ ጠርሙስ ይዛ ወደ ግቢው ሮጠች። የማታው ፈረቃ ሠራተኞች ከአውቶቡስ እየወረዱ ነበር። ጠርሙሱን ትኩሱ ሲሚንቶ ላይ አቆመችው፤ ቀዩ እንደ ፍም በራ። አባ ቢምረው ወንበራቸውን ይዘው መጥተው ከጎኗ ተቀመጡ።

«አሁን ምን እናያለን፣ ልጄ?»

«በዓይን የሚታይ የለም፣ አባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጥላቸው ጠርሙሱ ላይ እንዳያርፍ ወንበሩን ሳብ አደረጉት።