የሞተችው ልጅ ስም

“የቤቱ ሠራተኛ ነሽ ልጄ?” አሉ ሴትዮዋ፣ የመረቁን ሳህን ከካሲልዳ እጅ እየተቀበሉ።

ካሲልዳ ሳታርማቸው ማንኪያ ጨመረችላቸው። አባቷ ዶን ሌአንድሮ ከተቀበረ ጀምሮ ስታስተናግድ የምትውለው እሷ ናት፤ በጥቁር ቀሚሷ ላይ ሽርጥ አሸርጣ ላያት ሠራተኛ ብትመስል አይፈረድም። ሐዘን ቤት መቼም ለቀስተኛ አይጠፋውም፤ እነዚህ ባልና ሚስት ግን ከስፔን ሌላ ጫፍ ከቪጎ ከተማ ድረስ ቶሌዶን ሊያዩ የመጡ እንግዶች ናቸው። ሴትዮዋ ሳቤላ፣ ባልየው አማዴዎ ይባላሉ።

“ከዓመታት በፊት ለሦስት ቀን መጥተን ያስጎበኙን ዶን ሌአንድሮ ነበሩ” አሉ ሳቤላ። “ዛሬም እሳቸውን ብለን ብንመጣ ሞተው ጠበቁን።”

“ከተማችንን እንዴት አገኛችሁት?” አለች ካሲልዳ፣ ለወጉ ያህል።

“ጉልበቴን ጨረሰው እንጂ!” አሉ አማዴዎ። “አንዱን ዳገት ወጣሁ ስትይ ሌላ ዳገት። ሆቴላችንን ፍለጋ ያችኑ አንዷን ቤተ ክርስቲያን ስንዞራት አመሸን።”

“አትስሚው። እኔ በልቤ ይዤው የሄድኩት መስኮቱን ነው፤ የዚህን ቤት መስኮት። ዶን ሌአንድሮ ከሥሩ አቁመውን ‘ልጄ የሞተችው እዚህ ነው’ አሉን። ይኸው ተገናኙ እንግዲህ፣ አባትና ልጅ።”

ካሲልዳ ልታቀርብ የያዘችውን ዳቦ መልሳ አስቀመጠች። ዶን ሌአንድሮ ከእሷ ሌላ ልጅ የለውም።

በወጣትነቷ ባለትዳር ሰው ተከትላ ወደ ባርሴሎና ጠፍታ ነበር። ስትደውል አባቷ ድምፅዋን ሲሰማ ይዘጋባታል። የተመለሰችው ደም ግፊት ጥሎት አንደበቱ ከተያዘ በኋላ ነው። ሁለት ዓመት አጎረሰችው፣ አጠበችው፣ አገላበጠችው። “አባዬ፣ ይቅር ብለኸኛል?” ስትለው ዝም ብሎ ያያታል። አንዳንዴ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። “ይቅር ባይልሽ ምን ያስለቅሰዋል፣ አንቺ ሞኝ!” ትላት ነበር አክስቷ ፑራ። ካሲልዳም በዚያች እንባ ስትጽናና ከረመች።

በሚቀጥለው ክፍል ሴቶቹ የማታውን የመቁጠሪያ ጸሎት ጀምረዋል።

“በምን ሞተች አሏችሁ?” አለች ካሲልዳ ዝቅ ባለ ድምፅ።

“በትኩሳት። እጇን እንደያዙ አለፈች። ‘አንድ ቀን እንኳ አስከፍታኝ አታውቅም’ ብለው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።”

“አስጎብኚ እኮ ነበሩ ሳቤላ” አሉ አማዴዎ። “ማስለቀስ ሥራቸው ነበር።”

“ዝም በል አንተ! የእውነት እንባ ይጠፋኛል? እንደዚያ ያለቀሰ አባት አይቼ አላውቅም።”

እንባው የውሸት ቢሆን ኖሮ ለካሲልዳ በቀለላት። አባቷ የእውነት አልቅሷል፤ ግን በልቡ ለፈጠራት ሌላ ልጅ ነው፤ ላልኮበለለችው፣ ላላዋረደችው፣ በጊዜ ለሞተችለት። አልጋ ላይ ሆኖ ያለቀሰውም ለዚያችው ይሆናል። ያጎረሰችው ሴት ለእሱ ማን እንደነበረች ከእንግዲህ የሚነግራት ሰው የለም።

እንግዶቹ ሊሄዱ ተነሡ።

“ነገ ከመሳፈራችን በፊት ካቴድራሉ ገብተን ለሁለቱም ሻማ እናበራለን” አሉ ሳቤላ በሩ ላይ ሲደርሱ። “የልጅቷን ስም ግን አልነገሩንም። አንቺ ታውቂዋለሽ?”

ካሲልዳ የሳቤላን ካፖርት ከመስቀያው አውርዳ አለበሰቻቸው።

“ካሲልዳ” አለች። “ካሲልዳ ብላችሁ አብሩላት።”

“ነፍሷን ይማር።”

“አሜን።”

“ካሲልዳ!” የአክስቷ የፑራ ድምፅ ከውስጥ መጣ። “አንቺ ካሲልዳ፣ ጸሎቱ ሊያልቅ ነው እኮ፣ ነይ እንጂ!”

ሳቤላ ድንግጥ ብለው ወደ ውስጥ አዩ፤ ከዚያ መለስ ብለው ካሲልዳን አዩ።

አቤት አላለችም። “ውጭው ይበርዳል” ብላ፣ ዝቅ ብላ የሴትዮዋን ካፖርት ቁልፎች ከታች ጀምራ አንድ በአንድ ትቆልፍላቸው ጀመረች።