ጎርናና ድምፅ

ስልኳ ለአምስተኛ ጊዜ ሲጮህ ሹፌሯ አውቶቡሱን ወደ ዳር አስጠግታ ፍሬን ያዘች። ከኋላ የቆሙት ተሳፋሪዎች አንዱ በሌላው ላይ ተደገፉና ማጉረምረም ጀመሩ።

"ምነው፣ እዚህ ፌርማታ የለም እኮ!" አለ በሩ ሥር የቆመ ሰውዬ።

"አንድ ደቂቃ ብቻ" አለችና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። በሥራ ሰዓት ስልክ ማንሳት ከመሪ የሚያስነሳ ጥፋት መሆኑን ታውቃለች፤ በነዳችባቸው አሥራ አንድ ዓመታት አድርጋው አታውቅም። የደወለው ግን የእሷና የወንድሟ የቆየ ጓደኛ፣ ዳቦ ጋጋሪው ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ደግሞ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ረፋዱ ላይ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዶ የሚተኛ ሰው ነው።

"እቱ፣ ወንድምሽ ክፍል ውስጥ ወደቀ" አላት። "ተማሪዎቹ ፊት። ትንፋሽ አጠረው። ሆስፒታል ነን።"

"ወደቀ ማለት?"

"ነይ ብዬሻለሁ፣ ነይ!"

ለተቆጣጣሪው ደውላ ምትክ ሹፌር እንዲልክ ነገረችው። "ሪፖርት መጻፌ አይቀርም፣ ኋላ እንዳታዝኚብኝ" አላት። "ጻፍ" አለችው። ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞራ "ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ወንድሜ ታሞብኛል፣ ሌላ ሹፌር እየመጣ ነው" ስትል፣ ቅድም ያጉረመረመው ሰውዬ ራሱ ዘሎ ወርዶ ታክሲ አስቆመላት።

ወንድሟ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነው። ቀን ቀን ድምፁ የሚሰማው በፊተኛው ወንበር ለተቀመጡት ብቻ ነው ይባላል። ልጆቹ ሲረብሹ እንኳ አይቆጣም፤ ጠመኔውን አስቀምጦ ዝም ብሎ ያያቸዋል፣ እነሱም ቀስ በቀስ ያፍራሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ጥቁር ቲሸርቱን ለብሶ ማይክሮፎን ሲጨብጥ ግን ያ ሰው የት እንደሚገባ አይታወቅም። ከሆዱ እየፈነቀለ የሚያወጣው ጩኸት የመለማመጃ መጋዘናቸውን ቆርቆሮ ያንቀጠቅጠዋል። ሄቪ ሜታል መጫወት በጀመሩ ሰሞን አንዲት ጎረቤት ሰው እየታረደ ነው ብለው ፖሊስ ጠርተው ነበር። ፖሊሶቹ በሩን በርግደው ሲገቡ ያገኙት በላብ የተጠመቁ አራት ወጣቶችን ነው። አንደኛው ፖሊስ ዙሪያውን ቃኝቶ "እና የታመመው የቱ ነው?" ብሎ የጠየቀውን እስካሁን እያነሱ ይስቃሉ።

ባንዱን "ዝገት" ብለው የሰየሙት ያኔ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። ከበሮ የሚመታው ዳቦ ጋጋሪው ነው፤ ሊጥ ሲያቦካ የደነደነ ክንዱን ይዞ ይመጣና ከበሮውን አሳሩን ያሳየዋል። ሊድ ጊታሩን የሚጫወተው ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከመርፌ ጫፍ የማትበልጥ ብሎን ሲያስር የዋለ ጣቱ፣ ጊታሩ ላይ ሲያርፍ ለዓይን አይያዝም። ቤዝ ጊታር የምትጫወተው እሷ ናት፤ ያስተማራትም ወንድሟ ነው።

ያላስተማራት ነገር አልነበረም። አባታቸው ሲሞት እሱ ሃያ ዓመቱ ነበር፣ እሷ አሥራ አንድ። እናታቸው ከእሱ ቀድማ አርፋለች። የምህንድስና ትምህርቱን ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጦ ጠመኔ ጨበጠ። ፀጉሯን መጎንጎን የተማረው ከጎረቤት ነው፤ መጀመሪያ ሰሞን አንዱ ጉንጉን ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች እየሆነ ትምህርት ቤት መሳቂያ አድርጓት ነበር። "ጋሼ" ብላ ጠርታው ያሳፈራት፣ "አይሆንም" ብሏት የጣሰችው ነገር አልነበረም።

አብረዋቸው የጀመሩት ባንዶች ወይ ፈርሰዋል፣ ወይ ሠርግ ቤት ገብተው ዘና ያለ ዘፈን ይጫወታሉ። እነሱ ግን ሁለት አልበም አውጥተው፣ ሁለቱንም ከጓደኛና ከዘመድ ሌላ የሰማው ሳይኖር፣ ቅዳሜ መጥቶ መጋዘኑን ሳይከፍቱ ቀርተው አያውቁም። ከአራት ወር በፊት ነው አንድ የኮንሰርት ደጋሽ ቪዲዮአቸውን አይቶ የደወለው። ስታዲየም፣ አሥር ሺህ ሰው፣ አርባ ደቂቃ። ሰዓት ጠጋኙ ያን ቀን ሱቁን ዘግቶ መንገድ ለመንገድ ሲዞር ዋለ። ዝግጅቱ የፊታችን ቅዳሜ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

ሆስፒታሉ ስትደርስ ሁለቱ የመተላለፊያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። የዳቦ ጋጋሪው ቅንድብ ላይ ዱቄት ደርቋል። ሰዓት ጠጋኙ የመምህሩን መነጽር በሁለት እጁ ይዟል፤ አንደኛው መስተዋት ተሰንጥቋል።

"አለ?" አለች።

"አለ፣ አለ" አለ ዳቦ ጋጋሪው። "መርፌ ወግተውት ተንፍሷል።"

የአንገት በላይ ሐኪሟ ቢሮዋ አስገብታ አስቀመጠቻት። ወጣት ናት፤ ዓይኗ ሥር ድካም አለ።

"እህቱ ነዎት? ስለ ዕጢው የነገረዎት ነገር አለ?"

"የምን ዕጢ?"

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ማንቁርቱ ላይ ያለው። ከሦስት ወር በፊት እዚሁ መጥቶ ናሙና ወስደንለት ነበር። ካንሰር ነው። ያኔ ትንሽ ነበር፤ በጨረር ብንጀምረው ድምፁ የመትረፍ ዕድል ነበረው። ሕክምናው ድምፅህን ለወራት ያዳክመዋል ስንለው፣ ከዝግጅቱ በኋላ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ።"

"አሁንስ?"

"አሁን የአየር መንገዱን እየዘጋው ነው። ማንቁርቱ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በምንከፍትለት ቀዳዳ ነው። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ የቀዶ ሕክምና ክፍል አስለቅቄለታለሁ።"

"ድምፁስ ዶክተር?"

"ይሄኛው ድምፁ አይመለስም። በመሣሪያ መናገር ይማራል፤ ብዙ ሰው ይማራል። እሱ ግን አልፈርምም ብሏል። ቅዳሜ ዘፍኜ እሑድ እመጣለሁ ነው የሚለው።" እስክሪብቶዋን መልሳ አነሣች። "እሑድን የሚያይ አይመስለኝም። የወጋነው መድኃኒት እብጠቱን ለጊዜው ነው የቀነሰው። መድረክ ላይ ከጮኸ እዚያው ሊታፈን ይችላል።"

ሹፌሯ ወጥታ ግድግዳውን ተደገፈች። ሦስት ወር። ሦስት ወር ሙሉ ድምፁ እየጎረነነ፣ እየከበደ፣ ከድንጋይ በታች የሚወጣ እየመሰለ ሲሄድ ሁሉም ተገርመው ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ልምምድ ሲጨርሱ ትከሻውን መታ አድርጋ "ጋሼ፣ እንደ ዘንድሮ አምሮብህ አያውቅም" ብላዋለች። ፈገግ ብሎ ውኃ ጠጣ። ሲውጥ ፊቱ መጨማደዱን አይታ ነበር። አይታ አልፋዋለች።

"ማን ያውቅ ነበር?" አለች ሁለቱን እያየች።

ሰዓት ጠጋኙ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ዳቦ ጋጋሪው ወለሉን አየ።

"አንተ ታውቅ ነበር።"

"አስምሎኝ ነው እቱ። ደም ሲተፋ አየሁት። ለእሷ ከነገርክ ዓይንህን አላይም አለኝ።"

"እና ዝም አልክ? እንደ ቁም ነገር ዝም አልክ?"

"የአርባ ደቂቃ መድረክ ነው የቀረው!" አለ ዳቦ ጋጋሪው፤ እንባው ዱቄቱን ይዞት ወረደ። "ሃያ ዓመት ሊሞላን ነው። ሌሊቱን ሊጥ ሳቦካ አድሬ፣ ቀን ሳልተኛ፣ እጄ ሲያብጥ፣ ሚስቴ ትታኝ ስትሄድ፣ ምን ይዤ የቆየሁ ይመስልሻል? እሱስ ምን ይዞ ነው የቆየው?"

የወንድሟን ክፍል በር ገፍታ ገባች።

መምህሩ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ አለ። ያለ መነጽር ሌላ ሰው ይመስላል። ሸሚዙ ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ።

"አውቶቡሱን የት ጣልሽው?" አላት። ድምፁ የዛገ በር ሲከፈት ይመስል ነበር።

"ጋሼ፣ ፈርም።"

"እሑድ።"

"እሑድ የለህም እኮ! አልነገረችህም?"

"ነገረችኝ።" ትንፋሽ ሰበሰበ። "ስሚኝ ሚጣ። ከአንቺ የምደብቀው የለም አሁን። አውቄ ነው የመረጥኩት። ሰው አንድ ነገር ይኖረዋል። ለእኔ ይሄ ነው። አሥር ሺህ ሰው ፊት አንድ ቀን ልጩህ፣ ከዚያ ቆርጠው ይጣሉት።"

"እኔስ? እኔ ነገር አይደለሁም?"

ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። "አንቺ አድገሻል" አላት።

ከዚህ በላይ የጎዳት ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ወደ ኋላ ስትዞር ሁለቱ በሩ ላይ ቆመዋል። ዳቦ ጋጋሪው እጁን አጣምሮ እንደሚለምን ሰው ያያታል። አንድ ቃል ብትናገር እንደምትሸነፍ ገባት፤ እንደ ወትሮው "እሺ ጋሼ" እንደምትል። ስልኳን አወጣች። የደጋሹን ቁጥር ፈልጋ ደወለች፣ የስልኩንም ድምፅ ሁሉም እንዲሰማው ከፍ አደረገችው፤ ተደብቃ ማድረግ አልፈለገችም።

"ሄሎ፣ ዝገቶች!" አለ ደጋሹ በደስታ። "ተዘጋጃችሁ?"

"አንመጣም።"

"ምን ማለት ነው አንመጣም?"

"ዘፋኛችን ታሟል። አንጫወትም።"

መምህሩ ከትራሱ ተነሣ። "ዝጊው" አለ።

"እመቤቴ፣ ፖስተር እኮ ከተማውን ሞልቶታል!"

"ይላጥ።"

"ሌላ ዘፋኝ የላችሁም?"

"የለንም።"

"እንግዲህ እወቂው፣ ሁለት ባንድ በተጠባባቂ ይዣለሁ። አሁን ይቅር ካልሽ፣ ማታ ደውለሽ ብታለቅሺ መመለስ የለም።"

"ስጣቸው" አለች።

መምህሩ ስልኩን ሊነጥቃት ሲንጠራራ ቱቦው ያዘው፤ ማሰሪያው ከጆሮው ላይ ተስቦ ወለቀ። ሳል ጀመረው። ነርሷ ሮጣ ገብታ ቱቦውን መለሰችለት፣ ጀርባውን ደግፋ አስቀመጠችው። ሳሉ ሲበርድ እህቱን አያት። እንዲህ ያለ ዓይን ከዚያ በፊት አይታበት አታውቅም፤ እንኳን በእሷ ላይ በማንም ላይ።

"ማን ፈቀደልሽ?" አለ።

"ማንም።"

"ውጪልኝ።"

"ጋሼ..."

"ውጪ! ዓይንሽን አልይ!"

ወጣች። ዳቦ ጋጋሪው አጠገቧ አልተቀመጠም። እስከ መተላለፊያው ጫፍ ሄዶ ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ቆመ። አምስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ተቆጣጣሪው ሁለት ጊዜ ደወለ፤ አላነሳችም። ሰባት ሰዓት ሊሞላ ሲል ሐኪሟ ከክፍሉ ወጣች፤ በእጇ ወረቀት ይዛለች።

"ፈርሟል" አለች።

"ምን አለ?"

"ምንም። እስክሪብቶ ጠየቀኝ። ቀጥሎ፣ ነገ ለልጆቹ ፈተና ስላለ ርዕሰ መምህሩ ጥያቄዎቹን ከመሳቢያው እንዲወስድ ንገሩልኝ አለኝ።"

ሹፌሯ አፏን በመዳፏ ያዘች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። የተሰማት ግን ደስታ አልነበረም።

ትንሽ ቆይቶ ነርሷ መጣች። "እያዘጋጀነው ነው፤ ሩብ ሰዓት ይወስዳል። ሊያየው የሚፈልግ ካለ አሁን ይግባ።" ሹፌሯን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እርስዎ ግን... እንዳይገቡ ብሏል። አይቀየሙኝ፣ እንድነግርዎ አዝዞኝ ነው።"

ዳቦ ጋጋሪው ገባ፤ ብዙ ሳይቆይ ፊቱን በክንዱ እየጠረገ ወጣ። ሰዓት ጠጋኙም ገብቶ ወጣ። አጠገቧ ተቀመጠና ጫማውን እያየ "ለእኔ የነገረኝ ስለ ጊታሩ ክር ነው" አላት። "ሦስተኛውን ቀይረው፣ ሞቷል አለኝ። ሌላ ምንም።" የተሰነጠቀውን መነጽር አጠፈ። "ከእንግዲህ ድምፁን ስናስታውስ እኔ የምሰማው ይሄን ነው መሰለኝ።"

እሷ የምትሰማው ምን እንደሆነ አልጠየቃትም። መጠየቅም አላስፈለገውም።

ሳትገባ መቅረት ትችላለች። ከስድስት ወር፣ ከዓመት በኋላ ይበርድለት ይሆናል፤ ያን ጊዜ አንገቱ ላይ ባለው መሣሪያ ያናግራት ይሆናል። አሁን ብትገባ ግን የሚሆነውን ታውቃለች። አይስማትም። ግንባሯንም አይዳስስም። አሥራ አንድ ዓመቷ ላይ ሌሊት ስትባንን "አለሁ፣ አለሁ" ይላት የነበረውን ዛሬ አይላትም። ቅድም ያላትን ይደግመዋል፣ ምናልባት የባሰ ነገር ይጨምርበታል፤ ያም ቃል ዕድሜ ልኳን አብሯት ይኖራል።

ተነሣች።

"እንዳትገቢ ብሏል እኮ" አላት ዳቦ ጋጋሪው ከመስኮቱ ዞሮ። "ይሰድብሻል።"

"ይስደበኝ" አለች ሹፌሯ። "ድምፁን ልስማው።"

በሩን ገፋችው።